ዜማው እስካልተቆረጠ ድረስ

አባቴን የልብ ሕመም ገደለው ይላሉ የሚያውቁት ሁሉ። ሐሰት አይደለም፤ ግን ሙሉ አይደለም። እኔ ደግሞ የጎደለ ነገር ሲነገር አልወድም፤ ስለዚህ የማውቀውን ከመጀመሪያው እጽፋለሁ። ፊት ለፊት እርስዎ እለው ነበር፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ አንተ ነው፤ እዚህም እንደ ልቤ እጠራዋለሁ።

አባቴ የሞጣ ሰው ነው፤ በአንድ ደብር ማኅሌት ሲመራ የኖረ መሪጌታ። ከበሮው ሲመታ፣ ካህናቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው መቋሚያቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሲያሸበሽቡ፣ ዜማውን የሚያነሣም የሚያሳርፍም እሱ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ከኋላ ረድፍ የማን ጽናጽል እንደዘገየ ያውቃል ይባል ነበር። ልጅ ሳለሁ ይህን እንደ ተረት እሰማው ነበር፤ ኋላ ግን በራሱ ደረት ውስጥ የዘገየውን ሲለይ አይቻለሁ።

እኔ ያን ጊዜ ብቸና ተማሪ ነበርሁ። ተማሪ ስል ትንሽ ልጅ እንዳይመስላችሁ። በልጅነቴ ተድሬ፣ ትዳሩ አልሆን ብሎ አባቴ ቤት ከተመለስሁ በኋላ ነው ትምህርት ቤት የገባሁት። ሞጣ ላይ የቀድሞ ባሌ ዘመዶች በየመንገዱ ስለሚያፈጡብኝ ብቸና ሄድሁ። አንዲት ጠላ ሻጭ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። በምማርበት ክፍል በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ አስተማሪው ብቻ ነበር፤ እሱም በጥቂት ነው።

የደብሩ ንግሥ ከፋሲካ በኋላ ይውላል። አንድ ዓመት በዚያ ንግሥ፣ በሽብሸባው መካከል፣ አባቴ ወደቀ። ደግፈው የያዙት የንስሐ አባቱ ናቸው። የንስሐ አባት ይባሉ እንጂ ለእሱ ወንድም ማለት ነበሩ፤ ሁለቱ በቆሎ ተማሪነታቸው በአንድ አኩፋዳ ለምነው የበሉ፣ በአንድ ጎጆ ያደሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማኅሌት መቆም ቀርቶ ከቤት እስከ ደጅ ሲሄድ ያለከልካል አሉኝ። ወራት ቆይቶ፣ ዝናቡ ሲያባራና መንገዱ ሲደርቅ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ ወደ እኔ መጣ። ብቸና ጤና ጣቢያ ጥሩ ሐኪም አለ ተብሎ ነበር።

ሐኪም ያሉት ከሐረር ተመድቦ የመጣ ወጣት የጤና መኮንን ነው፤ ሙስሊም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ፈጠን የሚል። አንድ እጁን በአባቴ እጅ አንጓ ላይ አሳርፎ፣ በሌላው ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«መሪጌታ፣ የልብዎ አመታት ተዛብቷል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ዕድሜዬን ከበሮ ሳዳምጥ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ ልጄ። ጋደም ስል እሰማዋለሁ። አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይዘነጋል፣ አንዴ ደግሞ ሁለቱን ደርቦ ይመታል። እንዲህ ያለ ከበሮ መቺ በእኔ ማኅሌት ቢገኝ ክንዱን ይዤ አስወጣው ነበር።»

«ይህን ማስወጣት አይቻልም።»

«ችግሩ እሱ ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የአባቴን ቁርጭምጭሚት እያየሁ ነበር። ትንሽ አብጧል።

መኮንኑ ክኒን ሰጠው። ቀጥሎ ግን ማናችንም ያልጠበቅነውን ተናገረ። ተኛ አላለውም፤ ሂድ አለው። በዚያ ዘመን ልቡን ያመመው ሰው ተሸፋፍኖ እንዲተኛ ነበር የሚታዘዘው፤ መኮንኑም አልደበቀም። «የተማርሁት አልጋ ላይ ይረፍ የሚል ነው። ግን ተኝተው የተሻላቸው ጥቂት ሲሆኑ ነው ያየሁ። አመታቱ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል፤ አልዋሽዎትም። የተዛባ ልብም ቢሆን ግን ካለማመዱት ይበረታል። በየቀኑ ሜዳ ሜዳውን ይሂዱ። ሲጀምሩ ዝግ ይበሉ፣ ሲጨርሱም ዝግ ይበሉ።»

«ምን ያህል ልሂድ?»

«እየሄዱ መናገር እስከቻሉ ድረስ። ትንፋሽ አጥሮዎት ቃሉ ከተቆረጠ ቆም ብለው ይረፉ፤ ከዚያ ይመለሱ፤ ለዚያ ቀን በቃ። ደረትዎን ከጨነቀዎት ወይም ዓይንዎ ከጨለመ ያሉበት ይቀመጡ።»

አባቴ አሰበ። «ብቻዬን እየለፈለፍሁ ብሄድ ሰው አበደ ይለኛል። ባዜምስ?»

መኮንኑ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወረደ። «ያዚሙ። ዝግ ያለውን።»

«ለንግሡ ያደርሰኛል?»

«ለምን ጉዳይ?»

«አንድ ዜማ ተነሥቶ እስኪያርፍ ድረስ በእግሬ ልቆም። ከዚያ ወዲያ እንደ ሽማግሌ እቀመጣለሁ፤ ግድ የለኝም። ወድቄ መውጣቴ ግን ያንገበግበኛል። የመጨረሻዬ መውደቅ እንዳይሆን ነው።»

መኮንኑ ተስፋ አልሰጠውም፤ አልነሣውምም። «እንሞክር» አለ።

እንዲህ ጀመርን። ከከተማው ወጣ ሲሉ ጤፉ ተሰብስቦ ጥቁሩ አፈር የተሰነጣጠቀበት ሜዳ አለ፤ በስተምዕራብ ጮቄ ይታያል። አባቴ መቋሚያውን ይዞ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የእኔ ሥራ ማድመጥ ነው። ዜማ የሚያስተምረው በግቢያችን ስለነበር ልጅ ሆኜ ወፍጮ ላይ ተደፍቼ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። ማንም ያስተማረኝ የለም፤ ማንም እንዳውቅም አልጠበቀም። የት ላይ መተንፈስ እንደሚፈቀድ፣ የት ላይ እንደማይፈቀድ ግን አውቅ ነበር።

«ተቆረጠ፣ አባባ።»

«አልተቆረጠም። ዋጥ ነው ያደረግሁት።»

«መዋጥም መቁረጥ ነው።»

«ኧረ ጉድ! እኔ በተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ አልጨከንሁም።»

«ጨክነዋል እንጂ! አንዱን በዚህችው የዜማ ቦታ ስንት ጊዜ አስደገሙት። ያለቅስ ነበር።»

«አንቺ ይህን ሁሉ ስትሰሚ ዱቄቱን ማን ይፈጭ ነበር?» ይልና ይመለሳል። ቢያጉረመርምም ይመለሳል። ለሥርዓት የተፈጠረ ሰው ነበር፤ ሕግ ነው ከተባለ ከማንም ቢመጣ ይጠብቃል።

ትልቁ ችግራችን ልቡ ሳይሆን ሰላምታው ነበር። በእኛ አገር መሪጌታን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። በቅሎ ላይ ያለው ይወርዳል፣ ነጠላ የለበሰው ያደገድጋል፤ ቆሞ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቀዋል፤ አባቴም መልሶ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ጉዳይ ሳይኖረው መንገድ የሚሄድ ጨዋ ሰው ስለማይታወቅ ሁሉም ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይፈልጋል። ወዴትም አልሄድም ቢል ጭንቅላቱን ነክቶታል ይሉታል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ሁሉ ወደ ቤቱ ገብቶ መንገዱ ጭር ሲል መውጣት ጀመርን። ያከራየችኝ ጠላ ሻጭ ግን አታሳልፈንም።

«መሪጌታ፣ ጧት ጧት ሜዳውን የሚዞሩት ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

«ትንፋሼ ጠፍቶኝ። ካገኘሽው ደብቀሽ እንዳታስቀሪው!»

«እኔ ዘንድ ከመጣማ ጌሾ ጌሾ ሸትቶ ነው የሚመለስልዎት።»

ጾሙ ሲገባ ቸገረን። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፣ ቀምሶ ሂድ ቢሉትም አይሰማም። መኮንኑ አልተከራከረም። «እኔም ጾም አውቃለሁ። እንግዲያው ከቀመሱ በኋላ ጥቂት አርፈው፣ ፀሐይ ሲበርድ ይሂዱ» አለ። አባቴ ይህን ነገር ወደደለት። ከዚያ ወዲያ ስሙን ትቶ «ልጄ» ብቻ ነበር የሚለው።

መጀመሪያ የምንደርሰው ከከተማው ጫፍ እስካለው የድንጋይ ካብ ነበር። ቀጥሎ እስከ ወይራው። ቀጥሎ ወይራውን አልፈን እስከ ኮረብታው። ኮረብታ አልሁ እንጂ ኮረብታ አይደለም፤ ከፍ ያለ መሬት ነው፤ ልጆች ሮጠው ይወጡታል። አባቴ አንድ ቀን ዜማውን ሳይቆርጥ፣ ሳይውጥ፣ ወጣበት። ላዩ ላይ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ፣ ምን እንደምል ለመስማት። ምንም የምለው አልነበረኝም። ሳቅሁ። «ዛሬስ ዘበኛዋ ዝም አለች!» ብሎ መቋሚያውን ወደ ሰማይ አነሣው።

ቁርጭምጭሚቱ ጎደለ። ጋደም ሲል ሁለት ትራስ ይደርብ የነበረው በአንድ ተመቸው። ከፋሲካ በኋላ መኮንኑ ከሥራ ሲወጣ ወደ ሜዳው መጣ። አባቴ ከወይራው ሥር ቆመ፣ እግሮቹን አስተካከለ፣ ማሸብሸብ ጀመረ። ቀኝ፣ ግራ፤ መቋሚያው ከፍ፣ ዝቅ። ከበሮ የለም፣ ጽናጽል የለም፤ እኔ ሳላስበው በእጄ ጭኔን እየመታሁ ነበር። ዜማውን ከመነሻው አንሥቶ አሳረፈው። መኮንኑ ሮጦ እጁን ያዘ።

«ያ ከበሮ መቺዬ አሁንም ሰካራም ነው?» አለው አባቴ።

«ሰካራም ነው። ግን ቶሎ ሰከነ። በመጀመሪያው ቀን ከመቀመጫ ሲነሡ የነበረው ከዚህ የባሰ ነበር።» ከዚያ እንደ ሹመት አድርጎ «ለንግሡ ይሂዱ። አንዱን ይቁሙ፣ አንዱን ይቀመጡ። ዳገት ሲወጡ ቆም እያሉ» አለው።

ሞጣ የገባነው በዋዜማው ነው። በንግሡ ቀን ረፋድ ላይ አባቴ ጥምጥሙን አሳምሮ ወደ ደብሩ ወጣ። ወደ ቅጥሩ በር የሚያደርሰው መንገድ ዳገት አለው። በሩ ጋ ሲደርስ፣ እንደታዘዘው፣ ቆመ። መቋሚያውን ተደግፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ልቡ እስኪሰክን ይጠብቃል። በሜዳችን ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጥቂት ራቅ ብዬ ነበር፤ ምንም አልሰጋሁም፤ እንዲያውም ደንቡን በመጠበቁ ደስ ብሎኛል።

የንስሐ አባቱ ግን ያዩት ሌላ ነገር ነው። አምና በእጃቸው ላይ የወደቀውን ወዳጃቸውን አዩ፤ ዳግመኛ በር ላይ ደረቱን ይዞ ቆሟል። ማረፉ መድከም መሰላቸው። ሕዝቡን እየገፉ መጡ።

«ደግሞ መጣህ?» አሉት።

«መጣሁ። አንዲት ዜማ ልቆም ነው።»

«አምና እጄ ላይ ነው የወደቅኸው። ክብደትህ እስከ ዛሬ ክንዴን አለቀቀውም።»

«አሁን በርትቻለሁ፤ ስማኝ እስቲ፤ ብቸና ሜዳ ላይ በየቀኑ...»

መስቀላቸውን አነሡ። «በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቼሃለሁ! እግዚአብሔር እስኪምርህ ድረስ ማኅሌት እንዳትቆም፣ መንገድ እንዳትሄድ፣ ሰውነትህን እንዳታደክም።»

«ደግ አደረጉ አባ! እሰይ!» አሉ በዙሪያው የነበሩት። ሁሉም ይወዱት ነበር። ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ክፉ ሰው አልነበረም።

ግዝት ያሰረው ካህን ካልፈታው አይፈታም፤ አባቴም ይህን ተላልፌ ጸሎቴ ይሰማል የሚል ሰው አይደለም። አፉ ተከፍቶ ነበር፤ ዘጋው። መስቀሉን ተሳለመ። ተማሪዎቹ ሮጠው ወንበር አመጡለት፣ ጋቢ ደረቡለት፣ ጥላ ያዙለት። ታቦቱ ወጥቶ ካህናቱ ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ እሱ ከረድፉ ጫፍ ተቀምጦ ነበር። ከሴቶቹ መካከል ሆኜ ፊቱ አይታየኝም። የታየኝ እጁ ነው። ጉልበቱ ላይ አርፎ በጣቱ ይመታል፤ ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ፣ እስከ መጨረሻው።

ከቀትር በኋላ የንስሐ አባቱ ቤት ሄድሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ከካህን ጋር ተከራከርሁ። ስለ ክኒኑ፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ትንፋሹ፣ ቆሞ ማረፍ የሥርዓቱ ክፍል መሆኑን ሁሉ በተርታ ነገርኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«በሽተኛ ይሂድ የሚል ሐኪም የት አገር አለ፣ ልጄ?»

«ተሽሎታል፣ አባ። በዓይኔ ያየሁት ነው።»

«የተሻለውን ሰው እንዳናጣው ነው እኮ። አንቺ አምና አልነበርሽም።» ከዚያ «ከዓባይ ማዶ ገዳም ሱባኤ አለብኝ፤ ነገ እነሣለሁ። እዚያ ስለ እሱ ልለምን። ስመለስ እንመካከራለን» አሉ።

በማግሥቱ ሄዱ። ጥቂት ቀን ቆይተው በሰኔ ሊመለሱ ነበር። ዝናቡ ግን ያን ዓመት ፈጥኖ ገባ፣ ዓባይ ሞላ፣ በጌምድር ቀሩ። ከዚያ ማዶ መልእክት የሚያሻግር ሰው አልተገኘም።

አባቴን ይዤ ብቸና ተመለስሁ። ወደ አንድ የብቸና ካህን ሄጄ እንዲፈቱልኝ ለመንሁ፤ «ያሰሩት በሕይወት እያሉ? እኔ የሌላ ካህን ግዝት አልነካም» አሉኝ። አባቴም ሄጄ መለመኔን ሲሰማ ተቆጣኝ።

መኮንኑ በጭቃው ውስጥ ቤታችን ድረስ መጣ። በሩ ላይ ጫማውን እየጠረገ «መሪጌታ፣ ይነሡ እንጂ፤ እዚሁ ቤት ውስጥ ቢሆን» አለው።

«አልችልም፣ ልጄ።»

«ያን ቃል የተናገሩት ስላዘኑልዎት ነው። የማያውቁትን ነገር ነው የከለከሉ።»

«ስላዘነልኝ ነው የከበደኝ። ጠልቶኝ ቢሆን እጥሰው ነበር» አለ አባቴ።

መኮንኑ ክኒኑን ጨመረለት፣ ጨው ቀንሺ አለኝ፣ ወጣ። ደጁ ላይ ቆሞ ዝናቡን ሲያይ አየሁት። «በእኔ በኩል ያለውን ሁሉ አድርጌያለሁ፣ አይደል?» አለኝ። አዎ አልሁት፤ እውነት ነበር።

ክረምቱን ሙሉ አባቴ ተኛ። ያበጠው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት ወጣ። ትራሱ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር የሚውለው። ዜማም ተወ፤ «ማዜምም ድካም ነው» አለ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጽሐፌን ከፍቼ የማላነበውን እመለከታለሁ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብና የእሱ ትንፋሽ ነው። ጠላ ሻጯ እንኳ መቀለድ ተወች፤ አጥሚት አምጥታ ሳትናገር አስቀምጣ ትወጣለች።

መስከረም ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የንስሐ አባቱ በበቅሎ መጡ። ዓባይ ጎድሎ ሞጣ እንደገቡ ነው መባሱን የነገሯቸው። ከበቅሎ ወርደው ገቡ፤ ጋቢውን ገለጥ አድርገው እግሩን አዩ። ካህን ሲያለቅስ ዓይን ይሸሻል፤ እኔም ወደ ግድግዳው ዞርሁ።

«እንዲህ እንድትሆን ነበር ያሰርሁህ?»

«ለደግ ነው ያሰርኸኝ፤ አውቃለሁ» አለ አባቴ። «አሁን ፍታኝ።»

መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ ካበጠው እግሩ ላይ አሳርፈው ፈቱት። አባቴ «መቋሚያዬን» አለኝ። ጥግ ቆሞ ከርሞ አቧራ ለብሷል፤ በቀሚሴ ጠርጌ ሰጠሁት።

ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ጭቃው መድረቅ ጀምሯል፣ በአጥሩ ሥር አደይ አበባ አለ። ከክፍላችን ደጃፍ እስከ ግቢው በር ቅርብ ነው፤ ጠላ ሻጯ በየቀኑ ስንት ጊዜ ትመላለስበታለች። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ የንስሐ አባቱ ደግሞ ከጎኔ፣ እጃቸውን እንደሚይዝ ሰው ዘርግተው። አባቴ ዝግ ያለውን ዜማ አነሣ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳይነካው ቆይቶ ቦታውን አልሳተም።

በሩ ጋ ሳይደርስ ተቆረጠ። መዋጥ አልነበረም፤ ተቆረጠ። የንስሐ አባቱ ሊይዙት አንድ እርምጃ ቀረቡ። አባቴ መቋሚያውን ተደግፎ እንደ ደንቡ ቆመ። ልቡ እስኪሰክን ጠበቀ፤ ሳይሰክንለት አንገቱን ዞር አድርጎ ተመለከተኝ።

«ልክ ነሽ» አለኝ።

እኔ ምንም አላልሁም ነበር።

ከዚያ ዝግ እያለ ተመለሰ።